ለትዝታ የሚሆነው ካኖን ለአምባሰል አይሆንም፦ ለወሎ ኳየሮችና ለሙዚቃ ክበቦች

ኳየር ወይም የሙዚቃ ክበብ የምትመሩ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ልጆቹ ሁሌ አንድ ዜማ አንድ ላይ ነው የሚዘምሩት። ድምፁ ወፈር እንዲል ካኖን ብናስገባስ? ከየትኛው እንጀምር?» ትላላችሁ። ደሴ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። የሞከርኩት ብዙ ነው፤ የተበላሸብኝም ብዙ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ ካኖን ምን እንደሆነ ቀጥሎ እናያለን። ካኖኑን ከመምረጣችሁ በፊት ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸውን አምስት ድምፆች፣ ምረጡ። ስለ ካኖን የሚያስተምሩት መጻሕፍት የሚያስቡት በአውሮፓዎቹ ባለ ሰባት ድምፅ ቅኝቶች፣ በሜጀርና በማይነር ነው። እኛ ጋ ትዝታ አለ፤ ባቲ አለ፤ አምባሰል አለ፤ አንቺ ሆዬ አለ። በትዝታ ማር የሆነው ካኖን በአምባሰል ሬት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳላውቅ የጀመርኩ ጊዜ ብዙ ደክሜያለሁ።

ካኖን ነው ወይስ ቅብብል?

ካኖን ማለት አንድ ዜማ ራሱን ሲከተል ነው። አንዱ ቡድን ይጀምራል። ሁለተኛው ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ይነሳበታል። የፊተኛው ግን አላቆመም፤ እየቀጠለ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ሰው የተጣራ ያውቀዋል። ጠርቶ ሳይጨርስ የገደል ማሚቶው ከወዲያ ይመልስለታል። የካኖን ደራሲ የሚለፋው፣ ያ መልስ ገና ካላለቀው ድምፁ ጋር እንዲስማማ ነው።

ቃሉ የግሪክ ነው። ደንብ፣ መለኪያ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን «ቀኖና» የመጣውም ከዚያው ቃል ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ካኖን ይባል የነበረው ዜማው ሳይሆን ከዜማው ጋር የሚጻፈው ትእዛዝ ነበር። አንድ መስመር ብቻ ይጻፋል። ትእዛዙ ደግሞ «ሁለተኛው ድምፅ ይህን ያህል ቆይቶ፣ ከዚህ ኖታ ይግባ» ይላል። የቀሩት ድምፆች ከደንቡ ይወጣሉ።

ከቅብብል ጋር ግን አታምታቱት። ቅብብልን እኛ ወሎዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። አውራጁ ያወርዳል፤ ተቀባዩ ይቀበላል። የሰርግ ዘፈኑም እንዲህ ነው፤ መንዙማውም እንዲህ ነው። ተቀባዩ ግን አውራጁ እስኪጨርስ ይጠብቃል። በካኖን መጠበቅ የለም፤ በላዩ ላይ ይገባል።

ይህቺ ትንሽ የምትመስል ልዩነት ትልቅ ነገር ታስከፍላለች። ግጥሙ ይሸፈናል። የኛ ዘፈን ደግሞ ቃል ነው። ሰው ጆሮውን የሚያቀናው ለስንኙ ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ለማግኘት ነው። ሦስት ቡድን በአንድ ጊዜ ሦስት የተለያየ ስንኝ ሲል ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አይያዝም። ስለዚህ ግጥማችሁ ከባድ ከሆነ፣ አንዲት ቃል እንኳ እንድትጠፋ ካልፈለጋችሁ፣ ካኖኑን ተዉትና ቅብብሉን አሳምሩ። ምንም አይጎድልባችሁም።

ጥቂት ቃል ደጋግሞ የሚል ዜማ ከሆነ ግን ካኖን ያምርበታል። እኔ ሁለቱንም ለማትረፍ የማደርገው አለ። መጀመሪያ ሁሉም ልጆች ዜማውን ከነግጥሙ አንድ ጊዜ አንድ ላይ ይዘምሩታል። አድማጩ ቃሉን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ካኖኑ ይጀመራል። ቃሉን ያወቀ ጆሮ ሲደራረብም ያገኘዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማጥበቅና ማላላት እዚህ ላይ ጣጣ አለው። «ገና» ላልቶ አንድ ነው፤ ጠብቆ ሌላ ነው። የጠበቀው ፊደል በዜማ ውስጥ ጊዜ ይፈልጋል። አንዱ ቡድን አጥብቆ ሌላው አላልቶ ከዘመረ ምቱ ይላላል፤ መግቢያውም ይዛነፋል። ግጥሙን መጀመሪያ ያለ ዜማ፣ በጭብጨባ ብቻ አስነብቧቸው። የጠበቀው የት እንደሚወድቅ ሁሉም እኩል ይወቅ።

ዙር ካኖን፦ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም

ዙር ካኖን ማብቂያ የሌለው ካኖን ነው። ቡድኑ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ልጆች የሚዘምሩት የፈረንሳዮቹ «ፍሬር ዣክ» ዙር ካኖን ነው፤ በአራት ቡድን ይዘመራል። ዕድሜው ረጅም ነው። በእንግሊዝ አገር ሬዲንግ ከሚባል ገዳም ጋር የሚያያዝ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ላይ አራት ድምፅ እየተከታተለ የሚገባበት ዙር ካኖን ተጽፎ ይገኛል። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ወፍራም ድምፆች አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገሙ ይይዙታል።

ለዙር ካኖን የምመርጠው ቅኝት ትዝታ ነው፤ ያውም ሜጀሩ። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከነዚህ ከአምስቱ ድምፆች ውስጥ በግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ ጥቁሩም ነጩም ሲቆጠር የአንድ ቁልፍ ርቀት ነው) የሚጎራበቱ ሁለት የሉም። ማንኛውም ልጅ በተሳሳተ ሰዓት ቢገባ እንኳ ጆሮ የሚቆርጥ ነገር አይመጣም። ቢከፋ ቢከፋ ዶና ሬ፣ ሬና ሚ፣ ወይም ሶልና ላ ቢገናኙ ነው። እነሱ ደግሞ ትንሽ ይሻክራሉ እንጂ አያስጠሉም። ማይነር ባቲም (ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት፤ ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ የወረደ ነው) እንዲሁ ግማሽ ድምፅ የለበትም። ትዝታው ሲሰለቻችሁ ወደሱ ሂዱ።

እንድትሞክሩት አንዲት ትንሽ ዙር ላስቀምጥ። ለልጆቼ የሠራኋት ናት። ሦስት መስመር ናት፤ እያንዳንዱ መስመር አራት ምት ነው።

አንደኛው መስመር፦ ዶ ሬ ሚ ዶ
ሁለተኛው መስመር፦ ሚ ሶል ሶል ሚ
ሦስተኛው መስመር፦ ዶ ሶል ዶ ዶ (ሶሉ ከታች ያለው ነው)

የመጀመሪያው ቡድን አንደኛውን መስመር ጨርሶ ሁለተኛውን ሲጀምር ሁለተኛው ቡድን ይገባል። ሦስተኛው ቡድንም ከሱ አንድ መስመር ቆይቶ ይገባል። ሦስቱም ሲገቡ ምን እንደሚሰማ ወደ ታች አንብቡት። በመጀመሪያው ምት ዶና ሚ አሉ። በሁለተኛው ሬና ሶል። በሦስተኛው ሚ፣ ሶልና ዶ። በአራተኛው እንደገና ዶና ሚ። አንድም የሚጋጭ የለም። ዙር ካኖን ለመድረስ ሚስጥሩ ይኸው ነው። ዜማውን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ታነቡታላችሁ። መስመሮቹን አንዱን ከሌላው በታች ጻፉና በየምቱ ቁልቁል ተመልከቱ።

ቃል ስታስገቡባት በአንድ መስመር አራት ቀለም ይበቃል። ልጆቹ ራሳቸው ያመጣሉ። የኔዎቹ በጭጋጉ ላይ ነው የገጠሙት። የደሴን ክረምት ያየ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

አምባሰል ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ

አንድ ጊዜ፣ ገና ስጀምር፣ ከላይ ያልኩትን ዘዴ እንዳለ ወስጄ በአምባሰል ዜማ ላይ ጫንኩት። አራት ምት ቆጥሬ ሁለተኛውን ቡድን አስገባሁ። የዓመት መዝጊያ በዓል ነበር፤ ወላጆች ተሰብስበዋል። ልጆቹ አንድም አልተሳሳቱም፤ እንደተለማመዱት ነው የዘመሩት። ሲያልቅ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «መምህር፣ ልጆቹ ተሳስተው ነው ወይስ እንዲህ ነው የሚባለው?» አሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ወረቀትና ኪቦርድ ይዤ ተቀመጥኩ።

አምባሰል ከዶ ሲነሳ እንዲህ ነው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ከዚህ በኋላ ሬና ላ ብዬ ስጽፍ ሁለቱም ግማሽ ድምፅ የወረዱት መሆናቸውን ያዙልኝ። አምስት ድምፅ ሁለት ሁለት ሲጣመር አሥር ጥምር ይወጣል። ከአሥሩ ውስጥ ሁለቱ የግማሽ ድምፅ ግጭት ናቸው፤ ዶ ከሬ፣ ሶል ከላ። አንዱ ደግሞ ሬ ከሶል ነው። መካከላቸው ሦስት ሙሉ ድምፅ አለ፤ ፈረንጆቹ ትራይቶን ይሉታል። ብቻውን በዜማ ሲመጣ የአምባሰል ውበት ያለው እዚሁ ላይ ነው። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል የሰማ ሰው ያ የወረደ ሬ ወደ ዶ ሲመለስ ልብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ሁለት ቡድን በአንድ ጊዜ ሲመታው ግን ውበቱ ወደ ጠብ ይለወጣል።

ታዲያ አምባሰል ካኖን አይሆንም? ይሆናል። የሚወስነው የመግቢያው ርቀት ነው። በዓይን እንየው። ይህችን ባለ ስምንት ምት ሐረግ ውሰዱ፦

ዶ ፋ ሶል ላ ሶል ፋ ሬ ዶ

ተከታዩ ከአራት ምት በኋላ ቢገባ መሪው ሬ ላይ ሲደርስ ተከታዩ ሶል ላይ ነው። ትራይቶን መጣ። ዜማው ሲዞር ደግሞ መሪው ሶል ሲል ተከታዩ ሬ ይላል። እንደገና መጣ። ከሁለት ምት በኋላ ቢገባስ? ሬና ሶል አሁንም ይገናኛሉ። በዚያ ላይ ዜማው ሲዞር ዶና ሬ ይጋጫሉ። ከሦስት ምት በኋላ ቢገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ላ ከዶ፣ ሶል ከፋ፣ ፋ ከሶል፣ ሬ ከላ፣ ዶ ከሶል፣ ዶ ከፋ፣ ፋ ከሬ፣ ሶል ከዶ። አንድም ግማሽ ድምፅ የለም፤ አንድም ትራይቶን የለም። ትንሽ የሚሻክረው ፋና ሶል የሚገናኙበት ሁለት ቦታ ብቻ ነው።

ጆሮ በልማድ የሚገምተው አራትን ነው። ያበላሸኝም እሱ ነው። ስለዚህ በአምባሰል ዜማ ላይ ካኖን ስትሠሩ ከአንድ ምት ጀምራችሁ ሁሉንም ርቀት ሞክሩ። ኖታ የማታነቡ ከሆነ ሁለት ስልክ ይበቃል። ዜማውን በአንዱ ቅረጹ። ያንኑ ቅጂ ወደ ሌላኛው ላኩት። አንዱን አስጀምሩና ሌላውን በሁለት ምት፣ በሦስት ምት፣ በአራት ምት እያዘገያችሁ ክፈቱት። ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ማይነር ትዝታና ሜጀር ባቲም የግማሽ ድምፅ ግጭት ስላለባቸው ለነሱም ይኸው ነው መንገዱ።

ተከታዩ ከየት ኖታ ይነሳ?

መጻሕፍቱ ብዙ ምርጫ ይሰጣሉ። ተከታዩ ከመሪው እኩል ድምፅ ሊነሳ ይችላል፤ ከኦክታቭ (ያው ድምፅ ከላይ ወይም ከታች ሲደገም)፣ ከአራተኛ፣ ከአምስተኛም ይነሳል። ከዶ ሲቆጠር ፋ አራተኛ፣ ሶል አምስተኛ ነው። ጀርመናዊው ደራሲ ባኽ በ1741 ባሳተመው የጎልድበርግ ቫርዬሽን (አንድን ሐሳብ እየለዋወጠ የሚያሰማ ሥራ ነው) ላይ ይህን ሁሉ አሳይቷል። በየሦስተኛው ቫርዬሽን አንድ ካኖን አለ። በ3ኛው ላይ ተከታዩ ከእኩል ድምፅ ይነሳል፤ በ6ኛው አንድ ደረጃ ርቆ፤ በ9ኛው ሁለት ደረጃ ርቆ። እንዲያ እያለ 27ኛው ላይ ዘጠነኛ ይደርሳል። የሚገርም ሥራ ነው።

ለኛ ግን ምርጫው ጠባብ ነው፤ ጠባብ ነው ብላችሁ አትዘኑ። ትዝታን በአምስተኛ ከተከተላችሁት ዶ ሬ ሚ ሶል ላ የነበረው ሶል ላ ሲ ሬ ሚ ይሆናል። ሲ ከየት መጣች? ትዝታ ውስጥ የለችም። አድማጩ ስሟን ባያውቅም እንግዳ መሆኗን ወዲያው ይሰማል። አምባሰል ላይ ይብሳል፤ ሁለት እንግዳ ድምፅ ይገባል። ቅኝቱ ፈረሰ ማለት ነው። ቅኝት ከፈረሰ ደግሞ የወሎ ዜማነቱ ቀረ።

ስለዚህ እኩል ድምፅ ወይም ኦክታቭ ያዙ። ወንዶችና ሴቶች፣ ትልልቆችና ትንንሾች የተቀላቀሉበት ኳየር ከሆነ ኦክታቩ በራሱ ይመጣል። ዜማውንም ጥርት አድርጎ ያሰማል፤ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ስለሚሄድ አይሸፋፈኑም። አምስተኛውን የግድ ከፈለጋችሁት ግን አንድ መላ አለ። በትዝታ ውስጥ ሚን የማይነካ ዜማ ሥሩ። ዶ፣ ሬ፣ ሶልና ላ ብቻ። እነዚህ በአምስተኛ ሲነሱ ሶል፣ ላ፣ ሬና ሚ ይሆናሉ፤ ሁሉም የትዝታ ልጆች ናቸው።

የመስታወት ካኖን፦ አምባሰልና ባቲ ፊት ለፊት

አሁን የምወደው ላይ ደረስን። ለዚህች ክፍል ስል ነው ሌላውን ሁሉ የጻፍኩት ብል አልዋሽም።

በመስታወት ካኖን ተከታዩ ዜማውን ገልብጦ ይይዘዋል። መሪው ሲወጣ ተከታዩ በዚያው ልክ ይወርዳል። መሪው ሲወርድ ተከታዩ ይወጣል። ባኽም በዚያው ሥራው ውስጥ 12ኛውንና 15ኛውን ቫርዬሽን እንዲህ ገልብጦ ነው የሠራቸው።

የበዓሉ ነገር ከንክኖኝ ኪቦርዱ ላይ በተቀመጥኩበት በዚያ ክረምት አንድ ምሽት የአምባሰልን ቅኝት ገለበጥኩት። አብራችሁኝ ቁጠሩ። አምባሰል ከዶ ወደ ላይ ሲቆጠር ድምፆቹ 1፣ 5፣ 7 እና 8 ግማሽ ድምፅ ላይ ይገኛሉ። አሁን ያንኑ ከዶ ወደ ታች ቁጠሩት። 1 ሲወርድ ሲ ነው። 5 ሲወርድ ሶል ነው። 7 ሲወርድ ፋ ነው። 8 ሲወርድ ሚ ነው። ሰብስቧቸው፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ።

ባቲ ነው! ሜጀር ባቲ፣ ምንም ሳይጎድል።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ ዝም ብዬ ቆየሁ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ እንደገና ቆጠርኩት። ያው ነው። አምባሰል ከሐይቅ በላይ ያለው ተራራ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በምሥራቅ በኩል፣ ወደ አፋር ቆላ መውረጃው ላይ ያለችው የሰኞ ገበያ ከተማ ናት። አንዱ ወደ ደጋ ያወጣል፤ አንዱ ወደ ቆላ ያወርዳል። በስማቸው የሚጠሩት ሁለቱ ቅኝቶች ደግሞ አንዱ የሌላው መስታወት ሆነው ተገኙ። አምባሰልን የዘፈነ ሰው ሳያውቀው የባቲን ግልባጭ እየዘፈነ ነው።

በተግባር እንዲህ ታደርጉታላችሁ። ሁለት ክራር ያስፈልጋል። አንዱን በአምባሰል፣ ሌላውን በባቲ ቃኙ። ዶ፣ ፋና ሶል በሁለቱም ላይ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ሁለት ድምፅ ላይ ብቻ ነው። መሪው የአምባሰሉን ሐረግ ዶ ላይ ጨርሶ ያቆየው። ዶው ገና ሲደወል የባቲው ክራር የተገለበጠውን ሐረግ ይጀምር። ለዚህ ካኖን ሁለቱን ቶሎ አታደራርቡ። ላ ፍላትና ሶል፣ ሚና ፋ እየተገናኙ ያስቸግራሉ። ረጅም ዶ እንደ ድልድይ ይሁናቸው። በኋላ ጆሯችሁ ሲለምድ መግቢያውን እያቀረባችሁ ሞክሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የቆጠርኩት በኪቦርድ ነው። ክራር ቃኚና ማሲንቆ መቺ እንደ ኪቦርድ በእኩል አይከፋፍሉም። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ለዛውም የሚመጣው ከዚያ ነው። መስታወቱ እነሱ ጋ ሲደርስ ትንሽ ያወዛውዛል። እኔ አላርማቸውም። ቃኚው የሰማው ይበልጣል።

ትዝታ ቢገለበጥስ? በዶ ላይ ከገለበጣችሁት ከቅኝቱ ይወጣል። በሬ ላይ ከገለበጣችሁት ግን ራሱ ይመለሳል። ዶ ሚ ይሆናል፤ ሚ ዶ ይሆናል፤ ሶልና ላ ይቀያየራሉ፤ ሬ ባለበት ይቆማል። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ይወዱታል። አንዱ በእጁ ወደ ላይ ያሳያል፤ ሌላው ወደ ታች።

ባስ ያለው ካኖን፦ ችሎታው ለተለያየ ቡድን

ብዙ ሰው ካኖን ሲባል የሚመጣበት የጀርመናዊው ደራሲ የፓኽልቤል ካኖን ነው። በሰርግ ቪዲዮ ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም። ሦስት ቫዮሊኖች እየተከታተሉ ይገባሉ። ከሥራቸው ስምንት ኖታ ያላት አንዲት የባስ (የወፍራሙ የታችኛው ድምፅ) ሐረግ 28 ጊዜ ትደጋገማለች። ባሷ ካኖኑ ውስጥ የለችም፤ ተሸካሚ ናት።

ይህ ዓይነቱ የሚጠቅመው አንዳንዱ ልጅ ጎበዝ፣ አንዳንዱ ገና የሆነበት ቡድን ላላችሁ ነው። በዙር ካኖን ሁሉም ሁሉንም መስመር መያዝ አለበት። እዚህ ግን ገና የሆኑት ልጆች ባሷን ብቻ ይይዛሉ። አይፈሩም፤ ሥራቸው ግን ትልቅ ነው። እነሱ ከቆሙ ሁሉም ይቆማል። አዲስ ነገር መድረስም አያስፈልግም። ከላይ ካስቀመጥኳት ዙር ሦስተኛውን መስመር ውሰዱ፤ ዶ ሶል ዶ ዶ። ለአንድ ቡድን ስጡትና እሱን ብቻ ይደጋግም። የቀሩት ሁለት ቡድኖች አንደኛውንና ሁለተኛውን መስመር እየተከታተሉ ይዙሩ። ያችው ዙር ባስ ያላት ካኖን ሆነች። ቤዝ ክራር ካላችሁ ደግሞ ባሷን ለሱ ስጡት፤ ልጆቹን ቀጥ አድርጎ ይይዛቸዋል።

ዘገምተኛውና የኋልዮሹ

እነዚህን በአጭሩ ልለፋቸው። በዘገምተኛው ካኖን ተከታዩ ያንኑ ዜማ በእጥፍ አዝግሞ ይይዘዋል። መሪው ሁለት ጊዜ ሲዞር ተከታዩ አንዴ ይዞራል። ማሲንቆ ወይም ዋሽንት በረጅሙ ዜማውን ይዞ ልጆቹ ከላይ በፍጥነት ቢዘምሩት ደስ ይላል። ለድምፅ ብቻ ግን ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ለትንንሽ ልጆች አልመርጠውም።

የኋልዮሹ ካኖን ዜማውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚያስኬድ ነው። ባኽ በ1747 «የሙዚቃ ስጦታ» በሚባለው ሥራው ላይ አንድ አስቀምጧል። በወረቀት ላይ ዕፁብ ድንቅ ነው። ጆሮ ግን ወደ ኋላ መሄዱን አይለየውም፤ ቃልም ወደ ኋላ አይዘመርም። ለኳየር ተዉት። ኖታ የሚያነብ ተማሪ ካላችሁ ለቤት ሥራ ስጡት።

አንቺ ሆዬ

ስለ አንቺ ሆዬ የምትጠይቁኝም አላችሁ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። በጥምር ሲቆጠር ከአምባሰል የከፋ አይደለም። ሁለት የግማሽ ድምፅ ግጭትና አንድ ትራይቶን ነው ያለው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ትራይቶኑ ያለው መነሻው ዶ ላይ ነው፤ ከዶ በላይ ትክክለኛ አምስተኛ የለውም። ስለዚህ ከሥር ዶና ሶልን ይዞ የሚቆም ባስ አይሠራለትም። ልጆች ቤታቸው የጠፋባቸው ይመስላቸዋል። እኔ አንቺ ሆዬን ካኖን ያደረግኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሁለት ድምፅ፣ በእኩል መነሻ፣ ከሥሩ ማሲንቆ ዶን ብቻ ይዞ። ጥሩ ነበር። ሁለቱ ዘማሪዎች ግን ዜማውን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ናቸው። ለጀማሪ አልመክርም።

ዜማ ስትመርጡም ጥንቃቄ አድርጉ። የማኅሌት ዜማ ወይም መንዙማ ወስዳችሁ ካኖን ከማድረጋችሁ በፊት ባለቤቶቹን ጠይቁ። የመሪጌታውን ፈቃድ፣ የሼኹን ፈቃድ። ዜማው የጸሎት ነው፤ ቃሉ እንዲሸፈን ላይፈልጉ ይችላሉ። እንቢ ካሉ የራሳችሁን ድረሱ።

አጨራረሱ

ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው። ዙር ካኖን በራሱ አያልቅም፤ መዝጊያውን እናንተ ትወስናላችሁ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ በእጅ ምልክት ሁሉም ባሉበት ይቆማሉ። ለዚህ የምትመርጡት ምት የሚስማማ መሆን አለበት። በኔዋ ዙር ላይ አራተኛው ምት ነው፤ ዶና ሚ የሚገናኙበት። ጠንካራ አጨራረስ ነው፤ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያምራል። ዓይናቸውን ከእናንተ ላይ የማይነቅሉ ልጆች ግን ያስፈልጓችኋል።

ሁለተኛው መንገድ በገቡበት ተራ መውጣት ነው። የመጀመሪያው ቡድን የተባለውን ያህል ዞሮ ዝም ይላል። ቀጥሎ ሁለተኛው። የመጨረሻው ቡድን ብቻውን ይቀራል። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ካኖን የሸፈነው ቃል እዚህ ላይ ተመልሶ ስለሚሰማ። የመጨረሻውን ቡድን ለትንንሾቹ ስጡ። ባለፈው ጊዜ የኔዎቹ ትንንሾች ሦስተኛውን መስመር ብቻቸውን ሲዘምሩት፣ ቀድመው የጨረሱት ትልልቆቹ ዞረው ያዩዋቸው ነበር።